ስለ ሕፃናት ክትባት፤ በካንሰር ሕክምና ጊዜና ከሕክምናው በኋላ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁን እኛ የሕክምና ሰዎች አይደለንም። ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል አላለፈም፤ የሥራ ዘመናችንንም የጨረስነው በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ፋይል ስናወጣና ስንመልስ ነው። ኮሚቴው «በዘንድሮው ጉባኤ ስለ ልጆች ክትባት ጥቂት ተናገሩልን» ሲለን መጀመሪያ ላይ «ሐኪም ጥሩ እንጂ፣ እኛ ምን እናውቃለን?» ብለን ነበር። በኋላ ስናስበው ግን፣ በልጅ ልጃችን ሕመም ምክንያት ሦስት ዓመት ያህል በሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሰማነውንና ያየነውን፣ የተሳሳትነውንም ጭምር፣ ለጎረቤት መንገር ግዴታችን መስሎ ታየን። እንግዲህ ስለ ክትባት የምንናገረው ሐኪሞቹ ያስረዱንን ነው። የምንነግራችሁ ስሕተት ግን የራሳችን ነው።

እንደሚታወቀው ዕድራችን የተቋቋመው ለቀብር ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም የተገዛው ለለቅሶ ነው። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ጎረቤት ለጎረቤቱ ሊያደርግ ስለሚችለው ነገር ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል ዕድሜያችን ከ60 ያለፈው እጅጌያችንን ብንሰበስብ፣ የብዙዎቻችን ክንድ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ይገኛል። ፈንጣጣን ከአገራችን ለማጥፋት ዘመቻው የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ እኛ ያን ጊዜ ልጆች ነበርን፤ ጓሮ ተደብቀን፣ ተጎትተን ወጥተን ነው የተከተብነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር ገጽ መጥፋቱን ዐወጀ፤ በአገራችንም መደበኛው የሕፃናት ክትባት የተጀመረው በዚያው ዓመት ግድም ነው። ይህን ማንሣታችን ክትባት ባለውለታችን መሆኑን ለማስታወስ ነው። ቀጥሎ የምንለውን ሰምቶ «ክትባት ጎጂ ነው አሉ» እያለ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን።

አሁን ወደ ቤታችን ታሪክ እንግባ። የዛሬ አራት ዓመት ግድም፣ ያን ጊዜ 4 ዓመት የሆነው የልጅ ልጃችን መገርጣት፣ መድከምና ማተኮስ ጀመረ። ሳይመታ ሰውነቱ ይበልዝ ነበር። «ጥርስ ነው»፣ «ዐይን ነው» ሲባል ከርሞ፣ በመጨረሻ የደም ካንሰር፣ ሐኪሞቹ ሉኪሚያ የሚሉት፣ መሆኑ ታወቀ። በልጆች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ይበልጥ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚጠጉ ልጆች በልዩ ልዩ ካንሰር እንደሚያዙ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በሀብታሞቹ አገሮች ከ10 ሕፃናት ከ8 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ እንደኛ ባሉት አገሮች የሚድኑት በጣም ያነሱ ናቸው። በአገራችን ሕክምናው በጥቁር አንበሳ፣ በጅማና በጎንደር ሆስፒታሎች ይገኛል። ስለዚህ «ካንሰር ከተባለማ አለቀለት» ብሎ ቤት መቀመጥ የድሮ አነጋገር ነው።

ይሁን እንጂ ሕክምናው ረጅምና ከባድ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ የደም ካንሰር ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ኬሞ የሚባለው መድኃኒት ካንሰሩን ሲገድል በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሶችም አብሮ ይፈጃቸዋል። ከሚሞቱት ልጆች መካከል ጥቂት የማይባሉትን የሚወስዳቸው ካንሰሩ ራሱ አይደለም፤ በሕክምናው መሐል የሚገባው ተላላፊ በሽታ ነው። የክትባት ነገር የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

ሕክምናው በተጀመረ በስድስተኛው ወር ይመስለናል፣ የፖሊዮ ዘመቻ ሆነና ክትባት ሰጪዎች ሳጥናቸውን አንግተው በራችንን አንኳኩ። አያቱ ደስ ብሏት ከፈተችላቸው። ያን ጊዜ የሁለት ወር ሕፃን የነበረችው እኅቱ ጠብታውን ወሰደች፤ ጣቷም ቀለም ተቀባ። ቀጥሎ እሱ አፉን ከፍቶ ቆመ። ይኼኔ እናቱ «አባዬ፣ እንዳይሰጡት!» እያለች ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ክትባት ሰጪዋ ልጅ «እትዬ፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ይወስዳል፤ ምንም አይጎዳውም» አለቻት። እኛስ ምን አልን? እኛም ያልነው ይህንኑ ነው። «በሽተኛ ልጅ እኮ ክትባት ይበልጥ ያስፈልገዋል! ምን ሆነሻል?» ብለን ልጃችንን በሰው ፊት ተቆጣናት። እሷ ግን ልጁን ቀሚሷ ሥር ሸሽጋ እምቢ አለች። ለካ የሆስፒታሉ ነርስ «እኛን ሳትጠይቂ ምንም ዓይነት ክትባት እንዳይወስድ» ብላ አስጠንቅቃት ኖሯል።

ክትባት ሰጪዋ ጥፋት የለባትም፤ ለጤነኛ ልጆች የተነገራትን ነው የተናገረችው። ሳንጠይቅ የፈረድነው እኛ ነን። በሚቀጥለው ቀጠሮ ወጣቱ ሐኪም «አባባ፣ ልጅዎ ትክክል ናት፤ ቁጭ ይበሉና ላስረዳዎት» ብሎ እንደሚከተለው አስረዳን።

ክትባት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሕያው ክትባት ነው። ይኸውም የበሽታው ተሐዋሲ ሳይሞት፣ ነገር ግን እንዳይጎዳ ተዳክሞ የሚሰጥ ነው። በአገራችን ከሚሰጡት ውስጥ በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ፣ የኩፍኝ ክትባት፣ ልጅ ሲወለድ ክንዱ ላይ የሚወጋው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ፣ እንዲሁም ለተቅማጥ የሚሰጠው የሮታ ጠብታ ሕያው ናቸው። የቢጫ ወባ ክትባትም እንደዚሁ ነው። የጤነኛ ልጅ ሰውነት ይህን የተዳከመ ጠላት በቀላሉ ያሸንፈዋል፤ መልኩንም ያውቅበታል። ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ግን ወታደሮቹ አልቀውበታልና የተዳከመውም ጠላት ሊበረታበት ይችላል። ስለዚህ በሕክምናው ጊዜ ሕያው ክትባት አይሰጠውም።

ሁለተኛው ዓይነት ሕያው ያልሆነው ነው። የሞተ ተሐዋሲ ወይም የተሐዋሲው ቁራጭ ስለሆነ በሽታ ሊያመጣ አይችልም። ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ አንዱን የጉበት በሽታና አንዱን የማጅራት ገትር ዓይነት የሚከላከለው ፀረ-አምስት፣ የሳንባ ምች ክትባት፣ በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት፣ በመርፌ የሚሰጠው የጉንፋን ክትባትም ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ በሕክምናው ጊዜ ቢሰጡ አይጎዱም፤ ችግሩ ሰውነቱ ደክሞ ስለሆነ በደንብ ላይዙ ይችላሉ። የትኛው መቼ ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ሕክምናውን የያዘው ሐኪም ነው። በኬሞ መሐል የተሰጠም ቢሆን ከሕክምናው በኋላ ሊደገም ይችላል።

ስለ ሕፃኗም ጠየቅነው። የፖሊዮ ጠብታ የወሰደ ልጅ የተዳከመውን ተሐዋሲ ለሳምንታት በሰገራው ያወጣል። ስለዚህ በቤቱ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ካለ፣ ለወንድም ለእኅት ጠብታው ከመሰጠቱ በፊት ሐኪሙን መጠየቅና የሚገኝ ሲሆን በመርፌው መተካት ነው። ጠብታው አስቀድሞ ከተሰጠ ግን ለ6 ሳምንት ያህል ሁለቱን ልጆች በተቻለ መጠን ማለያየት፣ የሕፃኑን ሽንት ጨርቅ ታማሚው ከሚውልበት ርቆ መለወጥ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። እኛም እንደተባልነው አደረግን፤ ልጁም ደኅና ሆነ።

ታዲያ ሰው ሲደነግጥ ከአንድ ጉድጓድ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። ከዚያን ቀን ወዲህ «ክትባት የሚባል ወደዚህ ቤት እንዳይገባ» ብለን ቁጭ አልን። ሕፃኗ 9 ወር ሲሞላት ለኩፍኝ መውሰድ ሲገባን «ይቆይ፣ ወንድሟን ታስይዘዋለች» አልን። ማንንም አልጠየቅንም። የኩፍኝ ክትባት የወሰደ ልጅ በቤቱ ላለው በሽተኛ እንደማያሰጋ፣ እንዲያውም እሷን መከተብ ለእሱ አጥር እንደሆነ ያወቅነው ከወር በኋላ ነው፤ ከፍለንበት ነው የተማርነው።

በሚቀጥለው ወር አንዲት ጎረቤታችን ልጇን አዝላ ለጥየቃ መጣች። ልጁ ትኩሳት ነበረው፤ ዐይኑም ያለቅስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰውነቱ ሽፍ አለ፤ ኩፍኝ ሆነ። ኩፍኝ ሽፍታው ሳይወጣ 4 ቀን ቀድሞ ይተላለፋል። ሕመምተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ውስጥ ይቆያል። አንድ ሕመምተኛ መከላከያ ከሌላቸው ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑት ያስተላልፋል። ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ሲይዘው ደግሞ ሽፍታው ጭራሽ ላይወጣ ይችላል፤ በቀጥታ ሳንባና አንጎል ይጎዳል።

ያቺ ጎረቤታችን ግን ምን አደረገች መሰላችሁ? አላፈረችም፣ አልሸሸገችም። በማግሥቱ በጠዋት ራሷ መጥታ በሩ ላይ ቆማ «ልጄን ኩፍኝ ነው ብለውኛል፤ እናንተ ቤት ይዤው መጥቼ ነበርና ለሐኪማችሁ ንገሩ» አለችን። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ደወልን። ልጁ ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ኩፍኝ ተከትቦ ነበር፤ ሐኪሞቹ ግን ያንን አሁን መተማመን አይቻልም አሉ። ከሰው ደም የተዘጋጀ፣ መከላከያ ያለበት መድኃኒት አለ፤ ለኩፍኝ ከተጋለጡበት ቀን አንሥቶ በ6 ቀን ውስጥ ካልተሰጠ አይረባም። ከተማውን ዞረን ፈልገን በ5ኛው ቀን ተሰጠው። ከዚያ አክስቱ ቤት ተቀምጦ 28 ቀን በክትትል ቆየ። ፈጣሪ ይመስገን፣ አልያዘውም። ያልከተብናት እኅቱ ግን ተያዘች፤ ሁለት ሳምንት ስትቃትት አድራ ዳነች። ጥፋቱ የማን ነው? የኛ።

በዚያ ሰሞን ሆስፒታል ውስጥ ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ እንደኛው ልጅ ኬሞ ላይ የነበረ የ5 ዓመት ልጅ ነበር። እሱም ኩፍኝ ነክቶት ነበር፤ ግን ለአባቱ የነገረው ሰው አልነበረም። ሲታወቅ ቀኑ አልፎ ሳንባው ተይዟል። ሲቀበር እኛና አባቱ፣ አንድ አስታማሚም ጨምሮ ሦስት ሰዎች ነበርን። ድንኳን የለ፣ ዕድርተኛ የለ። አባትዬው ካንሰሩን ለማሸነፍ በሬውን ሸጦ የመጣ ሰው ነበር። እኛ በዕድር ሥራ ብዙ ቀብር አይተናል፤ ያንን ግን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

አሁን ደግሞ ከሕክምናው በኋላ ስላለው እንነጋገር፤ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነውና። የኛ ልጅ ኬሞውን የጨረሰ ዕለት ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፤ እናንተም መጥታችሁ መርቃችሁልናል። የክትባት ነገር ግን ማንም ትዝ አላለውም። ያስታወሰን ሐኪሙ ነው።

ነገሩን በምናውቀው ሥራ እንመስለው። የሰውነት መከላከያ እንደ መዝገብ ቤት ነው። አንድ ልጅ ሲከተብ ለእያንዳንዱ በሽታ ፋይል ይከፈትለታል፤ በሽታው ሲመጣ ፋይሉ ወጥቶ «ይህን እናውቀዋለን» ይባላል። ኬሞ ሲገባ ከመዝገብ ቤቱ ከፊሉ ይቃጠላል። የትኛው ፋይል ተርፎ የትኛው እንደጠፋ በዐይን አይታይም። ስለዚህ ሕክምናው አልቆ ሰውነቱ ካገገመ በኋላ የጠፋውን እንደገና መክፈት፣ የደበዘዘውንም ማደስ የግድ ነው። ክትባት ይደገማል የሚባለው ለዚህ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሕያው ያልሆኑትን ክትባቶች ኬሞው ካበቃ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መልሶ መጀመር የተለመደ ነው። ሕያዎቹን፣ በተለይም ኩፍኝን፣ ቢያንስ 3 ወር ይጠብቃሉ፤ 6 ወር የሚሉም ሐኪሞች አሉ፤ በዚያም ላይ የደም ምርመራው መልካም መሆን አለበት። ወደ ውጭ አገር ሄደው የሌላ ሰው መቅኒ የተሰጣቸው ልጆች ደግሞ መዝገብ ቤቱ ከነሕንጻው እንደ አዲስ የተሠራላቸው ስለሆኑ ከመጀመሪያው ክትባት ይጀምራሉ፤ ሕያዎቹንም ቢያንስ 2 ዓመት ይጠብቃሉ።

እኛ ሐኪሙ በነገረን ቀን ልጁን ይዘን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድን። የክትባት ካርዱን አየችና ሠራተኛዋ «ይህ ልጅ ጨርሷል፤ ምንም አይቀረውም» ብላ መለሰችን። በካርዱ ላይ ሁሉም ሣጥን ሞልቷል፤ እውነቷን ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በመጨረሻ ከሆስፒታሉ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጥተን፣ በደብዳቤው ላይ ኬሞው ያበቃበት ቀንና የሚደገሙት ክትባቶች ዝርዝር ተጽፎ ሲታይ ተሰጠው። በወረቀት ያልታገዘ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል፤ ይህን ከመዝገብ ቤት ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ልጁ 8 ዓመቱ ነው፤ 2ኛ ክፍል ገብቷል። ኩፍኙንም በ6ኛው ወር ደግሞ ወስዷል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ ሁሉ ለኛ የሚሆነው ምንድን ነው? ኬሞ ላይ ላለ ልጅ ኩፍኝን መከላከያ መስጠት ካልተቻለ፣ የሚቀረው አጥር በዙሪያው ያሉት ልጆች ናቸው። ኩፍኝ በአንድ ሰፈር እንዳይዛመት ከ100 ሰው 95ቱ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፤ በየቤታችን ያሉ ጤነኛ ልጆች ክትባታቸውን በሙሉ ይፈጽሙ። ኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨመረ ስለሆነ ብዙዎች ይረሱታል።

2ኛ፤ ልጁ ኬሞ ላይ ያለ ወይም በቅርቡ የጨረሰ ቤተሰብ ክትባት ሰጪ ሲመጣ ሳያፍር ይንገር፤ ሐኪሙን ሳይጠይቅም አይስጥ፣ አይከልክልም። ሁለቱንም ስሕተት እኛ ሠርተነዋል።

3ኛ፤ ሕመምተኛ ስንጠይቅ ያተኮሰውን ልጅ አዝለን አንሂድ። ጥየቃ መልካም ነው፤ በደጅ ሆኖ «እንዴት አደራችሁ» ማለትም ጥየቃ ነው።

4ኛ፤ ልጃችን ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ከያዘው እንደዚያች ጎረቤታችን በዚያው ቀን እንናገር። ጉድፍን አቅልለን እናያለን፤ ለነዚህ ልጆች ግን እሱም አደገኛ ነው።

5ኛ፤ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ካተኮሰ በቤት የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ነው። መኪና ያለው አባል ይህን ይወቅልን።

6ኛ፤ የክትባት ካርድ አይጣል፤ ግልባጩም ይቀመጥ። ሕክምናው ሲያልቅ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ መጠየቅ አይረሳ።

አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። «ካንሰሩን ያመጣው ክትባቱ ነው» የሚል ወሬ በሰፈራችን ሰምተናል። ሐሰት ነው። እንዲያውም ካንሰርን የሚከላከሉ ክትባቶች አሉ፤ በፀረ-አምስቱ ውስጥ ያለው የጉበት ክትባት ከጉበት ካንሰር፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ደግሞ ከማሕፀን በር ካንሰር ይጠብቃል። ሴት ልጆች ያሉን ይህን አንዝለለው።

ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የክትባት ዘመቻ በሚታወጅበት ጊዜ ወርኃዊ መዋጮ የሚሰበስቡት አባሎቻችን በየቤቱ ሲዞሩ ይህንኑ ያስታውሱ። የማንንም ልጅ ሕመም በአደባባይ መጥራት አያስፈልግም፤ «በሕክምና ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የቀሩትን ልጆች ግን አስከትቡ» ማለት ይበቃል። ገንዘብ አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለም?

በመጨረሻም፣ በዚያ በክፉ ጊዜ ገንዘብ አዋጥታችሁ መድኃኒት የገዛችሁልንን፣ ልጁን አክስቱ ቤት ያደረሳችሁልንን፣ ከሁሉም በላይ በር ላይ ቆማ እውነቱን የነገረችንን እኅታችንን ከነቤተሰባችን እናመሰግናለን። ልጃችንንም በሰው ፊት ስለተቆጣናት፣ ዛሬ በሰው ፊት ይቅርታ እንጠይቃታለን።